የመጀመሪያው ስኖው ሲመጣ ት/ቤት ይዘጋ አይዘጋ ከማታው እንዴት እንገምት (ለዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ወላጆች)

ዲሴምበር ገባ ሲባል በዲሲ አካባቢ ሀበሻ ግሩፖች ላይ የሚዞረው ጥያቄ ያው ነው፣ "ነገ ስኖው አለ እየተባለ ነው፣ ት/ቤት ይዘጋል እንዴ?" ጥያቄው ቀላል ይመስላል ግን ማታ ሺፍት ለምትገባ ነርስ፣ በሌሊት ኤርፖርት መድረስ ላለበት ሹፌር፣ ጋራዥ ለሚከፍት አባት ከባድ ነገር ነው፣ ልጅ የሚይዝ ሰው የሚገኘው ከዋዜማው ነው እንጂ ጠዋት 5 ኤኤም ቴክስት ከመጣ በኋላ ማንን ትቀሰቅሳላችሁ። ስለዚህ ይሄ ጽሁፍ ከሞንጎመሪ እስከ ፌርፋክስ፣ ከላውደን እስከ ፕሪንስ ጆርጅስ ላለን ወላጆች ነው። ሚኒሶታና ዴንቨር ያላችሁ ዘመዶቻችን "በሁለት ኢንች ከተማ ይዘጋሉ" እያላችሁ እንደምትስቁብን እናውቃለን፣ ሳቁ፣ ግን እናንተ ጋ ስኖው የየሳምንቱ ስራ ነው፣ እኛ ጋ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዝናብ ጋር ተደባልቆ 32 ፋረንሃይት ዳር ዳር ላይ ነው የሚመጣው፣ መገመቱን ከባድ የሚያደርገውም እሱ ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበል። ሁሉም ሰው የሚጠይቀው "ስንት ኢንች ነው?" ብሎ ነው፣ ለት/ቤት ጉዳይ ግን ኢንቹ ሁለተኛ ጥያቄ ነው። አንደኛው ሰዓቱ ነው። ጠዋት ከ4 እስከ 6 ኤኤም ባለው ጊዜ መንገዱ ላይ ምን አለ፣ እየወረደ ነው ወይስ አቁሟል፣ አስፋልቱ ቀዝቅዟል ወይስ ገና ሙቀት አለው? ቅዳሜ ጠዋት የጣለ ሶስት ኢንች እስከ ሰኞ ተጠርጎ ሊያልቅ ይችላል፣ ማክሰኞ 4 ኤኤም የጀመረ አንድ ኢንች ግን ሙሉውን ቀን ሊያስዘጋ ይችላል። (ሰዓት የምጽፈው በአሜሪካኑ ነው። ግሩፕ ላይ "11 ሰዓት ይጀምራል" ብላችሁ ስትጽፉ እባካችሁ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ጨምሩበት፣ ግማሹ ሰው ለንጋት ግማሹ ለረፋድ ነው የሚዘጋጀው።)

እዚህ አካባቢ ምን ያህል ስኖው ይጠበቃል

ከ1991 እስከ 2020 ባለው አማካይ ሬገን ኤርፖርት ላይ በአንድ ዊንተር የሚለካው 13.7 ኢንች ነው። ደለስ ኤርፖርት ግን 21 ኢንች ነው፣ የባልቲሞሩ ኤርፖርት 19 ኢንች ገደማ። ሬገንና ደለስ መሀል ያለው ርቀት ትራፊክ ከሌለ የአርባ ደቂቃ መንገድ ቢሆን ነው፣ ልዩነቱ ግን ይሄን ያህል ነው። ሬገን ፖቶማክ ወንዝ ዳር፣ ዝቅ ያለ ቦታ፣ ከተማው ሙቀት ውስጥ ነው ያለው፣ ደለስ ደግሞ ወደ ምዕራብ ወጣ ብሎ ከፍ ያለና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ነው። ቲቪ ላይ "ዋሽንግተን" ተብሎ የሚነገረው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የሬገን ነው፣ ስለዚህ ሊስበርግ፣ ጀርመንታውን ወይም ክላርክስበርግ የምትኖሩ ከሆነ ያ ቁጥር የናንተ ሰፈር ቁጥር አይደለም።

አማካይ ደግሞ ብቻውን ያታልላል። የ2009–10 ዊንተር ሬገን ላይ 56.1 ኢንች ጥሏል፣ በ2022–23 ግን ሙሉ ዊንተሩን 0.4 ኢንች ብቻ፣ ግማሽ ኢንች እንኳን አልሞላም። ከዛ በኋላ ከተማው እውነተኛ ስኖው ያየው ጃንዋሪ 15፣ 2024 ነው፣ ወደ ሁለት አመት የሚጠጋ ጊዜ አንድ ኢንች የሞላ ስኖው ሳይጥል ቆይቶ። የዛን አመት ኪንደርጋርተን የነበሩ ልጆች ብዙዎቹ ስሌድ የሚባል ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት ያኔ ነው።

የመጀመሪያው የሚለካ ስኖው፣ ማለትም 0.1 ኢንች የሞላው (ከዛ በታች ከሆነ ትሬስ ተብሎ ነው የሚመዘገበው)፣ ሬገን ላይ በአማካይ ዲሴምበር አጋማሽ አካባቢ ነው የሚመጣው፣ ወደ ምዕራብና ወደ ሰሜን ስትሄዱ ቀደም ይላል። ግን ኖቬምበር ነው ብላችሁ አትተኙ። ኖቬምበር 11፣ 1987 በቬተራንስ ዴይ ሬገን ላይ 11.5 ኢንች ወርዷል፣ ኖቬምበር 15፣ 2018ም ቅጠሉ ከዛፉ ሳይረግፍ ስኖው መጥቶ ጠዋቱን ሁሉ ነገር አመሰቃቅሎታል። ቡትና ጓንት ከታንክስጊቪንግ በፊት ገዝታችሁ አስቀምጡ፣ የመጀመሪያው ፎርካስት በወጣ ማግስት ኮስትኮና ዋልማርት ብትሄዱ የምታገኙት ወይ የአዋቂ ሳይዝ ወይ አንድ እግር ነው።

ዊንተሩ ከመግባቱ በፊት የሚወጡትን "ዘንድሮ ብዙ ስኖው ይኖራል" የሚሉ ነገሮች፣ ኤል ኒኞ ላ ኒኛ፣ የአባጨጓሬ ጸጉር፣ የዛፍ ፍሬ ብዛት፣ ለጨዋታ ያህል አንብቡት። ኤል ኒኞና ላ ኒኛ እውነተኛ ሳይንስ ናቸው፣ ግን ማክሰኞ ት/ቤት አለ የለም የሚለውን አይነግሩአችሁም።

ከአስር ቀን በፊት፣ ስልኩን ዝጉት

ስልካችሁ ላይ ያለው አፕ የዛሬ አስር ቀን ቦታ ላይ የስኖው ምልክት አስቀምጦ ታያላችሁ። አትመኑት። ብዙዎቹ አፖች ኮምፒውተር ያወጣውን ቁጥር ሰው ሳያየው ቀጥታ ነው የሚለጥፉት፣ ዋናዎቹ ሞዴሎች የአሜሪካው ጂኤፍኤስና የአውሮፓው ናቸው፣ በቀን ብዙ ጊዜ እንደገና ይሰላሉ፣ ጠዋት 14 ኢንች ያለው ማታ ዜሮ ሊል ይችላል። ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ ደም የመሰለ ቀለም ያለው ካርታ ለጥፎ "ታሪካዊ ስቶርም!" የሚለው ሰውዬ ከአርባ ውጤት መሀል በጣም አስፈሪዋን መርጦ ነው፣ ነገ ቢቀየር ማንም አይጠይቀውም። በዚህ ጊዜ ማድረግ የሚገባችሁ ነገር ቢኖር "የሚቀጥለው ሳምንት መጨረሻ አካባቢ የሆነ ነገር ሊኖር ይችላል" ብሎ ልብ ማለት ነው፣ በቃ። ሺፍት መቀየር፣ ቤቢሲተር መያዝ፣ ትኬት መሰረዝ ገና ነው።

ከሶስት ቀን ወዲህ ነው ስራው የሚጀመረው

እዚህ ጋ ከአፕ ውጡና ወደ ናሽናል ዌዘር ሰርቪስ ሂዱ። የመንግስት ነው፣ ነፃ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም፣ የኛን አካባቢ የሚሰራው ቢሮ ቨርጂኒያ ስተርሊንግ ነው ያለው፣ ደለስ አጠገብ። ዌብሳይታቸው ላይ ዚፕ ኮዳችሁን አስገቡ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው የራሱን፣ ማናሳስ ያለው የራሱን።

ሶስት ስሞችን ለዩ። ዊንተር ስቶርም ዋች ማለት ከባድ ነገር ሊመጣ ይችላል ገና አልተረጋገጠም ማለት ነው፣ ብዙውን ጊዜ አንድ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ይወጣል። ዊንተር ስቶርም ዋርኒንግ ማለት እየመጣ ነው ወይም መጥቷል ማለት ነው። ዊንተር ዌዘር አድቫይዘሪ ደግሞ መጠኑ ትንሽ ነው ግን መንገድ ያበላሻል ማለት ነው፣ ብዙ ሰው "ኧረ አድቫይዘሪ ብቻ ነው" ብሎ ይንቀዋል፣ በኔ እይታ ለት/ቤት ከሁሉም በላይ የሚያስቸግረው ይሄው ነው፣ በተለይ ሰዓቱ ከ3 እስከ 9 ኤኤም ከተጻፈ። አድቫይዘሪው ውስጥ ገብታችሁ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት የሚለውን መስመር አንብቡ፣ ርዕሱን ብቻ አይታችሁ አትውጡ።

ከዛ የስተርሊንጉ ቢሮ የዊንተር ገጽ ላይ ሶስት ካርታዎች አሉ፣ ሰው የማያያቸው ግን ከሁሉም የሚጠቅሙት እነሱ ናቸው። መሀለኛው የሚጠበቀውን ያሳያል፣ አንዱ ዝቅተኛውን ከአስር አንድ እድል፣ ሌላው ከፍተኛውን ከአስር አንድ እድል። ለምሳሌ መሀለኛው 3 ኢንች ብሎ፣ ዝቅተኛው 0 ከፍተኛው 7 ካለ ፎርካስተሮቹ ራሳቸው ገና አልያዙትም ማለት ነው፣ ሁለቱንም ፕላን ያዙ። መሀለኛው 3፣ ዝቅተኛው 2፣ ከፍተኛው 4 ከሆነ ግን ነገሩ አልቋል፣ ልጅ የሚይዘውን ሰው አሁኑኑ ደውሉለት። ያው 3 ኢንች ነው ሁለቱም ቦታ፣ ትርጉሙ ግን ሌላ ነው። እንግሊዝኛው የማይከብዳችሁ ደግሞ ፎርካስት ዲስከሽን የሚባለውን ጽሁፍ አንብቡ፣ ፎርካስተሩ ለምን እንደዛ እንዳለ፣ የቱ ላይ እንደሚጠራጠር በግልጽ ይጽፋል፣ ከቲቪው የበለጠ ሀቀኛ ሆኖ ነው ያገኘሁት።

የዝናብና የስኖው መስመር የት እንደሚያልፍ ለማየት የአካባቢው ልማድ አይ-95ን ማየት ነው። ከሀይዌዩ በስተምስራቅ ዝናብ፣ በስተምዕራብ ስኖው፣ መሀል ላይ ሁለቱም፣ ሁሌ ባይሆንም ደጋግሞ የሚሆነው እንደዚህ ነው። መስመሩ ሀያ ማይል ብቻ ወዲህ ወይ ወዲያ ቢል የፕሪንስ ጆርጅስና የሞንጎመሪ እጣ ይቀየራል። ማርች 6፣ 2013 ከባድ ስኖው ይመጣል ተብሎ የፌደራል መንግስት ቢሮዎች ሳይቀሩ ተዘግተው፣ ት/ቤቶች ተዘግተው፣ ከተማው ውስጥ አብዛኛው ነገር ዝናብ ሆኖ ነው የቀረው፣ ወደ ምዕራብ ተራራው አካባቢ ግን እውነትም ስኖው ወርዷል። ፎርካስተሮቹ ተሳሳቱ ተብለው ተሰደቡ፣ መስመሩ ነው ትንሽ የሸሸው።

38 ዲግሪ ነው ብሎ መተኛት

ይሄን ብታውቁ ከግሩፑ ሁሉ ቀድማችሁ ትገምታላችሁ። ማታ ሙቀቱ 38 ፋረንሃይት ነው፣ ስለዚህ ዝናብ ነው እንጂ ስኖው አይሆንም ይባላል። ቆይ፣ ዲው ፖይንቱን፣ ማለትም አየሩ ምን ያህል እርጥበት እንዳለው የሚያሳየውን ቁጥር፣ እዩ። የዌዘር ሰርቪሱ ሰዓት በሰዓት የሚያሳየው ግራፍ ላይ ከሙቀቱ በታች ያለው መስመር ነው። ሙቀቱ 38 ሆኖ ዲው ፖይንቱ 20 ከሆነ አየሩ ደረቅ ነው ማለት ነው፣ የሚወርደው ነገር መጀመሪያ አየር ላይ ይተናል፣ ሲተን ደግሞ ሙቀት ይወስዳል፣ በሰዓት ሁለት ሰዓት ውስጥ 38 የነበረው ወደ 32 አካባቢ ይወርዳል። ሙቀቱ 38፣ ዲው ፖይንቱም 36 ከሆነ ግን የሚቀዘቅዝበት ቦታ የለውም፣ ዝናብ ነው፣ ጃንጥላ አዘጋጁና ተኙ።

ቀጥሎ መሬቱ። የመጀመሪያው ስኖው ሁሌም የሚያታልለው እዚህ ላይ ነው፣ አስፋልት እሳቱ ከጠፋ በኋላም እንደሚሞቅ ምጣድ ነው፣ ያለፈው ሳምንት ሙቀት ውስጡ ይቆያል። ስለዚህ ሳሩና መኪናው ጣሪያ ነጭ ሆኖ መንገዱ ርጥብ ብቻ የሆነበት ጠዋት ብዙ ነው፣ በተለይ ቀን ላይ ቀስ ብሎ የሚወርድ ከሆነ። ይሄ ግን የሚሰራው ስኖው ቀስ ሲል ነው። በሰዓት አንድ ኢንችና ከዛ በላይ መውረድ ከጀመረ መሬቱ ምንም ቢሞቅ አይችለውም። ጃንዋሪ 2፣ 2022 እሁድ ዲሲ 60 ፋረንሃይት አልፎ ነበር፣ ሰው በቲሸርት ነበር፣ በማግስቱ ሰኞ ከባድ ስኖው ወረደ። መጀመሪያ ዝናብ ስለነበረ ቨርጂኒያ መንገዱ ላይ ቀድሞ ጨው ውሃ መርጨት አልቻለም፣ ዝናቡ ያጥበዋላ፣ አይ-95 ፍሬድሪክስበርግ አካባቢ ሰው መኪናው ውስጥ ከ24 ሰዓት በላይ ታግቶ አደረ፣ ሴናተር ቲም ኬይን ሳይቀር 27 ሰዓት። ያ ሰኞ ደግሞ ልጆች ከገና እረፍት የሚመለሱበት ቀን ነበር።

ከዚህ የሚወጣ ምልክት አለ፦ ከዋዜማው አስፋልቱ ላይ ነጫጭ ቀጫጭን መስመሮች ካያችሁ ብራይን፣ ያ ጨው ውሃ፣ ተረጭቷል ማለት ነው፣ ካውንቲውና ስቴቱ ነገሩን የምራቸውን ይዘውታል። መስመሩ ኖሮ ቀጥሎ ዝናብ ከመጣ ግን እንዳልተረጨ ቁጠሩት።

በረዶ ዝናብ፣ ፍሪዚንግ ሬን የሚባለው፣ ሌላ ጉዳይ ነው። እኛ ከአፓላቺያን ተራሮች በስተምስራቅ ስለሆንን ቀዝቃዛ አየር ከታች ተይዞ ይቀራል፣ ከላይ ሞቅ ያለ አየር ይገባል፣ ከላይ ቀልጦ የመጣው ውሃ መሬት ሲነካ ይቀዘቅዛል። ፎርካስቱ ላይ ይሄ ቃል ከንጋት ሰዓት ጋር ከተጻፈ ኢንች አትቁጠሩ፣ በጣም ስስ ሽፋን ይበቃዋል፣ ቢጫ ባስ በረዶ ላይ ቁልቁለት አይወርድም፣ እኔ ይዘጋል ብዬ ነው የምዘጋጀው።

ካውንቲያችሁ የቱ ነው

ሰዎች "እኛ ሰፈር እኮ ምንም የለም፣ ለምን ዘጉ?" ይላሉ። ምክንያቱም ካውንቲ አንድ ነው፣ ውሳኔውም አንድ ነው። ሞንጎመሪ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ዝናብ እየጣለ ደማስከስ፣ ሰሜኑ ጫፍ ከፍታው ላይ፣ ሁለት ኢንች ሊኖር ይችላል፣ ያ የደማስከስ ስኖው የሲልቨር ስፕሪንግን ት/ቤት ይዘጋል። ላውደንም እንደዛ ነው፣ አሽበርን ሆናችሁ የምዕራቡን ገጠር መንገድ ካላያችሁ አይገባችሁም። ፌርፋክስ ደግሞ በጣም ትልቅ ነው፣ ተማሪው ወደ 180,000 ይጠጋል፣ የሰፈር ውስጥ መንገዱን ሳይቀር የሚጠርገው ካውንቲው ሳይሆን የቨርጂኒያ ትራንስፖርት መስሪያ ቤት ነው፣ ቅድሚያ ለትላልቆቹ መንገዶች ነው፣ እናንተ ሩት 50 ጥቁር ሆኖ አይታችሁ ባሱ ግን ልጁን የሚያነሳበት ጠባብ መንገድ ገና አልተነካም። አርሊንግተንና አሌክሳንድሪያ ትንንሽ ናቸው፣ ቶሎ ይጸዳሉ። ዲሲ ውስጥ አብዛኛው ልጅ በእግርና በሜትሮ ስለሚሄድ ለመዝጋት ቀስ ይላሉ፣ ቻርተር ት/ቤቶች ግን የራሳቸውን ውሳኔ ነው የሚወስኑት፣ ብዙዎቹ የከተማውን ቢከተሉም የናንተው ምን እንዳለ ለብቻው ማየት ነው። ሁለት ልጆች በሁለት የተለያየ ሲስተም ያላችሁ፣ አንዱ ክፍት አንዱ ዝግ ለሚሆንበት ቀን እግዜር ይርዳችሁ።

ውሳኔው የሚሰጠው እንዲህ ነው፦ የትራንስፖርት ሰራተኞች በሌሊቱ ተነስተው መንገዱን በመኪና ይዞራሉ፣ ከዌዘር ሰርቪስና ከመንገድ ጠራጊዎቹ ጋር ይነጋገራሉ፣ የጎረቤት ካውንቲ ምን አሰበ ይባባላሉ፣ ሱፐርኢንተንደንቱ ይወስናል፣ መልዕክቱ ብዙውን ጊዜ 5 ኤኤም አካባቢ ይደርሳል። ዋርኒንግ ካለና ነገሩ ከጠራ ከማታው ይነገራል። አንዱ ካውንቲ ማታ 8 ፒኤም ዘጋሁ ካለ የጎረቤቶቹን ገጽ እየከፈታችሁ እዩ፣ ብዙ ጊዜ ብቻውን አይቀርም።

ለመጀመሪያው ስኖው ደግሞ አንድ የራሴ ግምት አለኝ፣ ት/ቤቶች ከፌብሯሪው ይልቅ በዲሴምበሩ ቶሎ ይዘጋሉ። ሹፌሩ ገና አልለመደም፣ ታዳጊ ሹፌሮች ፈቃድ ያወጡት በሰመር ነው፣ ደግሞ ለስኖው የተያዘው የቀን ቁጠባ ገና አልተነካም። የሜሪላንድ ሕግ 180 የትምህርት ቀን ይጠይቃል፣ ቨርጂኒያ ደግሞ 180 ቀን ወይም 990 ሰዓት ይላል፣ ቀናቸውን ረዘም አድርገው ሰዓት ያጠራቀሙ የቨርጂኒያ ካውንቲዎች ብዙ ስኖው ዴይ መዋጥ ይችላሉ። ሜሪላንድ ላይ ግን ፌብሯሪ ሲደርስ እያንዳንዷ ቀን ትቆጠራለች።

ማታ 9 ፒኤም ላይ ቁጭ ብላችሁ

እኔ የማደርገው ይሄን ነው። መጀመሪያ የሚጀምርበትን ሰዓት አያለሁ። ከ5 ኤኤም በፊት ጀምሮ በባስ ሰዓት እየወረደ የሚቆይ ከሆነ፣ ሙቀቱም ከ32 በታች ከሆነ፣ አንድ ኢንችም ቢሆን ይዘጋል ብዬ እይዛለሁ። እኩለ ሌሊት ላይ የሚያቆምና ከሁለት ኢንች የማይበልጥ ከሆነ የሁለት ሰዓት ዲሌይ ነው የምጠብቀው፣ ግን ካቆመ በኋላ ሙቀቱ ወደ 20ዎቹ የሚወርድ ከሆነ የቀለጠው ስለሚቀዘቅዝ ዲሌዩ ወደ መዝጋት ሊቀየር ይችላል፣ ስለዚህ ዲሌይ የሚል ቴክስት አይታችሁ ተመልሳችሁ ስትተኙ አላርሙን ለ7 ኤኤም ሙሉት፣ እንደገና እዩ።

አስቸጋሪው ረፋድ 10 ወይም 11 ኤኤም ላይ የሚጀምረው ነው። ጠዋት ሰማዩ ደመና ብቻ ነው፣ ልጆች ይሄዳሉ፣ ከዛ "ኧርሊ ዲስሚሳል" ይመጣል፣ እናንተ ስራ ላይ ናችሁ፣ ከሁሉም መኪና ጋር አንድ ላይ መንገድ ላይ ትወጣላችሁ። ጃንዋሪ 20፣ 2016 ማታ በስራ መውጫ ሰዓት የወረደው አንድ ኢንች ገደማ ብቻ ነበር፣ መንገዱ አልተረጨም ነበር፣ ሰው ለሰዓታት መንገድ ላይ ቀረ፣ የኦባማ አጀብ ራሱ ከአንድሩስ የጦር አየር ማረፊያ ኋይት ሀውስ ለመድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጅቶበታል። ሁለት ቀን ቆይቶ ደግሞ ትልቁ ብሊዛርድ መጣ፣ ደለስ ላይ 29.3 ኢንች፣ ያኔ ግን ሁሉም ሰው ተዘጋጅቶ ቤቱ ነበር። ስለዚህ ረፋድ የሚጀምር ከሆነ ት/ቤት አቅራቢያ የሚኖር፣ ልጁን መውሰድ የሚችል ሰው ስም ኢመርጀንሲ ኮንታክት ላይ መኖሩን ዛሬ ማታ አረጋግጡ። ብዙ ቤተሰብ እዛ ላይ ያለው ስልክ ከሶስት አመት በፊት የተቀየረ ቁጥር ነው።

ሞንጎመሪና ፌርፋክስ ላላችሁ ይሄ ሁሉ ፓረንትቪዩ በሚባለው የወላጆች አካውንት ላይ ነው የሚስተካከለው፣ ሞንጎመሪ መልዕክቶቹን በአማርኛም ያወጣል፣ የቋንቋ ምርጫችሁ ምን እንደተባለ እዩት፣ ለአያት ልጅ የምትተዉ ከሆነ በጣም ይጠቅማል። ሌላው፣ ግሩፕ ላይ የሚዞር ስክሪንሾት አትመኑ፣ ያምናው ይሆናል ቀኑን እዩ፣ ልጆቹም ራሳቸው እየሰሩ የሚለቁት አለ። የስኖው ዴይ ካልኩሌተር የሚባለውም ዌብሳይት ፐርሰንት ይሰጣችኋል፣ ለልጆች ደስታ ጥሩ ነው፣ ለሺፍት ውሳኔ ግን አልጠቀምበትም። ፒጃማ ገልብጠው ለብሰው፣ ማንኪያ ትራስ ስር አስቀምጠው፣ በረዶ ኩብ ሽንት ቤት ውስጥ ጥለው ስኖው እንዲመጣ ሲለምኑ ካያችኋቸው አትደንግጡ፣ እዚህ አገር ያደጉ ልጆች ልማድ ነው።

ከማታው የሚደረጉ ትንንሽ ነገሮች፦ ክሮምቡኩን ቻርጅ ላይ አድርጉ፣ በቨርጂኒያ ሕግ ካውንቲዎች በአመት እስከ አስር ቀን ድረስ ያልታሰበ የኦንላይን ትምህርት ማድረግ ይችላሉ፣ ዝግ ማለት ሁሌ ትምህርት የለም ማለት አይደለም። ት/ቤት ሲዘጋ አፍተርኬርም ስፖርትም አብሮ ይዘጋል፣ ዲሌይ ሲሆን ከትምህርት በፊት ያለው ኬርም ይዘገያል፣ ቅዳሜ የአማርኛ ክላስ የት/ቤት ህንፃ ተከራይቶ የሚካሄድ ከሆነም ደውላችሁ ጠይቁ። ፌደራል መስሪያ ቤት ወይም በኮንትራት የምትሰሩ የኦፒኤምን፣ ማለትም የፌደራሉን የሰራተኞች አስተዳደር ቢሮ፣ ውሳኔ ለብቻው እዩ፣ ከት/ቤት ጋር አንድ አይደለም፣ ት/ቤት ተዘግቶ መስሪያ ቤት በቴሌወርክ ክፍት የሚሆንበት ቀን ብዙ ነው። ልጅ ቤት ጥሎ መሄድን በተመለከተ ሜሪላንድ ግልጽ ሕግ አለው፣ ከ8 አመት በታች የሆነ ልጅ ብቻውን አይተውም፣ የሚጠብቀውም ልጅ ቢያንስ 13 አመት የሞላው መሆን አለበት። "ለሁለት ሰዓት ብቻ ነው" የሚባል ነገር እዚህ አይሰራም፣ ጎረቤት ካላችሁ ተራ ግቡ፣ አንዷ ጠዋቱን ሌላዋ ከሰዓቱን።

የገናና የጥምቀት ሰሞን ደግሞ ልክ ከዚህ ጋር ነው የሚገጥመው። በ2025 ጃንዋሪ 6 ሰኞ፣ የገና ዋዜማ፣ ከባድ ስኖው ጥሎ አካባቢው በሙሉ ት/ቤት ተዘግቶ ነበር፣ ብዙ ካውንቲ ከዛም በኋላ ቀናት ጨምሯል፣ ለገና ልጅ ከት/ቤት ለማስቀረት ደብዳቤ የሚጽፍ ወላጅ በዛ አመት ተገላገለ። የሌሊቱ ቅዳሴ ጉዳይ ግን በየደብሩ ነው የሚወሰነው፣ የፓርኪንጉን መጠረግ ሳትጠይቁ ከሽማግሌ ጋር አትውጡ።

ስኖው ካቆመ በኋላ

ሰማዩ ጠርቶ ጸሀይ ወጥቶ ሁለተኛ ቀንም ሲዘጋ ብዙ ሰው ይናደዳል። ቀን የቀለጠው ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ ጠዋት ብላክ አይስ፣ አስፋልቱ ላይ የማይታይ ስስ በረዶ፣ ይሆናል፣ ድልድይና የባስ መቆሚያ አካባቢ ያለው የእግረኛ መንገድ ደግሞ መጨረሻ ላይ ነው የሚጸዳው፣ ልጆች የተከመረ ስኖው ሽሽት መኪና መንገድ ላይ ቆመው ባስ እንዲጠብቁ አይፈለግም። ስለዚህ ለሁለተኛው ቀን ግምት የሌሊቱን ዝቅተኛ ሙቀት እዩ። ቀን 40 ደርሶ ሌሊቱንም ከ32 በላይ ከቆየ ይከፈታል፣ ቀን 34 ሌሊት 18 ከሆነ ቢያንስ ዲሌይ አለ።

የተዘጉት ቀናት ደግሞ ተመልሰው ይመጣሉ፣ ካውንቲው ካላንደር ላይ ከተያዘው ስኖው ዴይ በላይ ከዘጋ ወይ ከስፕሪንግ ብሬክ ይቀነሳል ወይ ጁን ላይ ይጨመራል። በጁን አዲስ አበባ ለመሄድ ያሰባችሁ ት/ቤት ይዘጋል በተባለበት ቀን ማግስት ትኬት አትቁረጡ፣ የካውንቲያችሁ ካላንደር ላይ ለማካካሻ የተያዙት ቀናት የትኞቹ እንደሆኑ አይታችሁ ከእነሱ በኋላ ቁረጡ።